«ራጁ ነጻ ነው»

እስቲ ወገን፣ «ራጁ ነጻ ነው» ሲባል ስንቶቻችን «ተመስገን» ብለን ወደ ቤታችን ገብተናል? እኔ ብያለሁ። አጎቴ ከቆጋ መስኖ ሽንኩርት አስጭኖ ወደ መራዊ ሲመጣ ባጃጇ ተገለበጠች፤ ደረቱ ከብረቱ ጋር ተላተመ። ባሕር ዳር አደረስነው። በጀርባው አስተኝተው አንድ ራጅ አነሱት፣ «ነጻ ነው» አሉን። (የት እንደሆነ አልጽፍም፤ የትም ሊሆን ይችላል።) መራዊ መለስነው። ሌሊት ትንፋሹ አጠረ፤ መኪና እስክናገኝ ነጋ። ደረቱ ውስጥ ደም ተጠራቅሞ ነበር። በቱቦ ወጣለት፣ ዳነ።

ራጁ አልዋሸም። እኛ ነን የማይችለውን የጠየቅነው። ሰው ቆሞ ሲነሳ ደሙ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ሲሞላ የሳንባው የታችኛው ጥግ ይደበዝዛል። ሲተኛ ግን ያው ደም በጀርባ በኩል ይነጠፋል፤ አንድ ሊትር ቢሆን እንኳ እንደ ጣና የጠዋት ጉም ስስ ጥላ ብቻ ሊመስል ይችላል። ከሳንባ ያመለጠ አየር ደግሞ ወደ ፊት ተንሳፎ ይደበቃል። የጎድን አጥንት ስብራትማ እስከ ግማሹ ከመጀመሪያው ራጅ ያመልጣል። የተቀጠቀጠ ሳንባም ለሰዓታት ላይታይ ይችላል፤ በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል ነው የሚጎላው። (በሌላ በኩል፣ የታመቀ አየር ሳንባውን ጨፍልቆት የሚታፈን ሰው ካለ ራጅ አይጠበቅም፤ አየሩ ወዲያው መውጣት አለበት።)

ታዲያ «ነጻ» ማለት ምን ማለት ነው? «በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አተኛኘት ያየነው የለም» ማለት ብቻ ነው። የባሕር ዳር ነዋሪ «ከባሰህ ተመለስ» ቢባል ይመለሳል። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ለሚኖር የቆጋ ገበሬ ግን የመጀመሪያው ንባብ የመጨረሻው ነው።

ለሁሉም ሲቲ ስካን ይነሳ አላልኩም፤ ዋጋውም ጨረሩም አለ። ለነፍሰ ጡር ብቻ የምትመስለን አልትራሳውንድ ግን በሠለጠነ እጅ፣ እዚያው አልጋው ዳር፣ በደረት ውስጥ ያለውን አየርና ደም ተኝቶ ከተነሳ ራጅ የተሻለ ታሳያለች። እሷም ባትኖር ራጁ ይደገም፤ ከተቻለ ቁጭ ብሎ።

ሐኪም ጓደኛዬ «ማቆያ አልጋ የት አለ?» ይለኛል። እሺ፣ የለም። ወረቀቱ ላይ «ተኝቶ የተነሳ፤ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ይደገም» የሚል ቢጻፍ ኖሮ ግን ያን ሌሊት ጋቢያችንን ተከናንበን እዚያው ግቢ እናድር ነበር እንጂ መራዊ አንገባም ነበር።