የድሎት አውቶሞቢልና ቀለቡ

አንባቢ ሆይ፤ ደመወዜ ከወር ወር አላደርስ እያለኝ ስለ ጡረተኛ አውቶሞቢል መስማት ምን ይጠቅመኛል ትል ይሆናል። ነገር ግን በቤተሰቡ መካከል ቀለም የቆጠርኸው አንተ ከሆንህ፣ አባትህ ወይም አጎትህ 60 ዓመት ሞልቶአቸው ከመንግሥት ሥራ ሲሰናበቱ ምክር የሚጠይቁት አንተኑ ነው። ዘመናቸውን በእግርና በአውቶቡስ ሲመላለሱ የኖሩ ሽማግሌ፣ በስተርጅና ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጠው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ዘመድ ቤት መሄድ ቢመኙ የሚያስነውር ነገር የለበትም። የሚያሳዝነው ምኞቱ ያጠራቀሙትን ሁሉ የበላ እንደ ሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሎት አውቶሞቢል ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ የመለዋወጫው ዋጋና የመካኒኩ ድካም ግን አብረውት አይወርዱም። ትልቁ መኪና በትንሹ መኪና ዋጋ ይሸጥ ይሆናል፤ ቀለቡ ግን ያው የትልቅ መኪና ቀለብ ነው። ደመወዝተኛ ዕድገት አገኛለሁ፣ ትርፍ ሥራ እሠራለሁ ብሎ ዕዳውን ይገፋዋል፤ ጡረተኛ ግን ገቢው የተወሰነ ስለ ሆነ ያልታሰበው ወጪ የሚከፈለው ከጓዳው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ይሸጣል?» ሳይሆን «በዓመት ስንት ይበላል?» የሚለው መሆን አለበት።

ምሳሌ እንይ። ቶዮታ ኩባንያ ከጀርመኖች ጋር የሚወዳደር የድሎት መኪና ለመሥራት እ.ኤ.አ. በ1983 ተነሥቶ፣ 450 ያህል የመሞከሪያ መኪናዎች ከሠራ በኋላ በ1989 ሌክሰስ ኤል.ኤስ. 400ን ለሕዝብ አቀረበ። በ1996 ከተሠሩት አንዱ በአሜሪካ አገር በ2019 አንድ ሚሊዮን ማይል ሞላ፤ ይህም 1.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንጻሩ ከ1998 እስከ 2005 ከተሠሩት ትልልቅ የመርሰዲስ ኤስ ክላስ መኪናዎች የሚበዙት በአየር ከረጢት ላይ የቆሙ ናቸው። ሲነዱአቸው እንደ ጀልባ ይንሳፈፋሉ፤ ከረጢቱ ሲያረጅ ግን ይተነፍሳል፣ አየር የሚነፋው ፓምፕም ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይቃጠላል፤ በማግሥቱ መኪናው ሆዱን ከመሬት አስጠግቶ ይገኛል።

ጥፋቱ የስሙ እንዳይመስልህ። ያው መርሰዲስ ከ1976 እስከ 1986 የሠራው ደብልዩ 123 የሚባለው ዓይነት በተለመደው የብረት ሞላ የሚሄድ፣ 2.7 ሚሊዮን ያህል የተመረተ፣ በጽናቱም የተመሰገነ ነው። ኤል.ኤስ. 400ም ቢሆን በአየር የሚታገዝ ዓይነት ስለ ነበረው፣ ሞላው ብረት መሆኑን ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሽማግሌ የሚያስፈልጋቸው ብዙ መሣሪያ የተሸከመ መኪና ሳይሆን፣ ሊበላሽ የሚችለው ነገር ያነሰበት ነው።

በአገራችን በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ የቤንዚን መኪና የሚሻ ሰው ቀድሞ ከገባው መካከል መምረጥ ግድ ሆኖበታል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መለዋወጫ ሻጮችን መዞር ይገባል። «የቶዮታ ሥራ ስለ ሆነ ዕቃው ሞልቷል» የሚል ደላላ ቢያጋጥምህ፣ የኮሮላ ዕቃ ለኤል.ኤስ. እንደማይሆን አስታውስ። ዕቃውን የሚያስመጣ፣ ዓይነቱን አፍታቶ የሚያውቅ መካኒክም በከተማው ከሌለ፣ መኪናው ምንም ቢያምር ይቅር።

ወደ ሻጩ ስትሄድ በማለዳ ሂድ፤ ሞተሩም አስቀድሞ እንዳይነሣ አደራ በል። ስትደርስ እጅህን በኮፈኑ ላይ አድርግ፤ ከሞቀ አንድ የተሸሸገ ነገር ሊኖር ይችላል። ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት ይበላል። የዘይቱ ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካለ፣ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ እንዳይሆን መካኒክ ይመርምረው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ፣ ካምቢዮው ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። የኤል.ኤስ. 400 ሞተር በቺንጋ የሚሠራ ስለ ሆነም፣ መቼ እንደ ተለወጠ ማስረጃ ከሌለ የመለወጫውን ወጪ ከዋጋው ላይ ደምረው።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ትንሽ ቍጥር አያታልልህ። ለዓመታት ቆሞ የኖረ መኪና ጎማውና የላስቲክ ማሰሪያው ይደርቃል፣ የፍሬኑ ዘይት እርጥበት ይጠጣል። «ከአያያዝ ይቀደዳል» እንዲሉ፣ ብዙ ሄዶ ደረሰኙ በሥርዓት የተቀመጠለት መኪና፣ ጥቂት ሄዶ ታሪኩ ከማይታወቅ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚነዱት ሰው ራሳቸው ይቀመጡበት። ጉልበታቸው ሳይታጠፍ ይገባሉን? ሲወርዱ በሩን ይዘው ይቃትታሉን? በምሽት መብራቱና የፊቱ ቍጥር ይታያቸዋልን? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው መካኒኩ ሳይሆን የሽማግሌው ወገብና ዓይን ነው። ካላቸው ገንዘብም ሩቡን ያህል ለጥገና ሳያስቀሩ ከተዋዋሉ፣ መኪናው ለጊቢ ጌጥ ሆኖ እንዳይቀር ያሠጋል።

አንተም እንደ ተማረ ሰው ምኞታቸውን በመናቅ አትጀምር። «አባባ፣ ይህኛው ያምራል፤ ያኛው ግን ሁልጊዜ ጠዋት ይነሣል» በላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ማልደው ሥራ የገቡ ሰው ይህ አነጋገር ይገባቸዋል። የሽምግልና ድሎት ማለትም መንገድ ላይ የማያስቀር፣ ከልጅ ገንዘብ የማያስለምን መኪና ነው።