አንጎልን አስቀድሞ በጨረር ስለ መጠበቅ

ትናንሽ ሕዋስ ያለው የሳንባ ካንሰር (ሳንባ ነቀርሳ ከምንለው ፈጽሞ ልዩ ነው) በመድኃኒት ከደረት ከጠፋ በኋላ እንኳ ብዙ ጊዜ በአንጎል ይገለጣል፤ በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር መድኃኒቱን እንደ ልብ አያሳልፍምና። ስለዚህ ሐኪሞች በሽታው በአንጎል ገና ሳይታይ ራስን በጨረር ያክማሉ። ካንሰሩ በሕክምና የጠፋላቸው 987 ሰዎች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ጥናት፥ ከሦስት ዓመት በኋላ ጨረር ካልተሰጣቸው ከመቶ 15 ያህል፥ ከተሰጣቸው ግን 21 ያህል በሕይወት ተገኙ። ልዩነቱን ጥቂት ነው ለማለት አንደፍርም። ዳሩ ግን ጨረሩ የማስታወስን ኃይል ሊያደክም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ የጃፓን ጥናት ደግሞ፥ በሽታው በሰፊው ለተሰራጨባቸው ሰዎች ጨረሩ፥ አንጎላቸው በኤም አር አይ እየተመረመረ ከመቆየት አብልጦ ዕድሜ እንዳላረዘመ ታየ። በሽተኛው እሺ ከማለቱ በፊት ይህንም ሊሰማ ይገባዋል እንላለን።