በስምምነት ቅጹ ላይ የተገባው ቃል፦ የሕክምና ትምህርት ቤቶችና የመመረቂያ ጥናት

በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚገኙ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች መረጃ ከመሰብሰባቸው በፊት ለተሳታፊው የስምምነት ቅጽ ያነብባሉ። በቅጹ ላይ ዘወትር ከሚሰፍሩት ነጥቦች አንዱ፣ ተሳታፊው በግሉ ጥቅም ባያገኝም የጥናቱ ውጤት የጤና አገልግሎቱን ለማሻሻል እንደሚረዳ የሚገልጽ ነው። ከዚያ በኋላ መረጃው ይተነተናል፤ ጥናቱ በፈታኞች ፊት ይቀርባል፤ ተማሪውም ይመረቃል። ጥራዙ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ ግን መረጃው የተሰበሰበበት ጤና ጣቢያ ወይም የሆስፒታል ክፍል ውጤቱን ሳይሰማ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህ የአሠራር ጉድለት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ለተሳታፊው የተገባ ቃል ሳይፈጸም መቅረቱ ነውና።

ጉድለቱን በተማሪዎች ትጋት ማነስ ማመካኘት ይቀልላል፤ ትክክል ግን አይሆንም። ከመመረቂያ ጥናቶች ብዙዎቹ በአንድ ወቅት በመጠይቅ የሚካሄዱ የዳሰሳ ጥናቶች ናቸው። የነፍሰ ጡር እናቶች ክትትል ወይም የሕፃናት ክትባት በአንድ ወረዳ ይጠናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ ተመሳሳዩን ርእስ በአጎራባች ወረዳ ያጠናል። እንዲህ ያለው ጥናት የችግሩን ስፋት ለማወቅ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ መንስኤ የተባለውና ውጤቱ በአንድ ጊዜ ስለሚለኩ የትኛው እንደቀደመ ለመለየት ያስቸግራል። መጠይቆቹም በየጊዜው እንደ አዲስ የሚዘጋጁ ከሆነ የአንዱን ግኝት ከሌላው ጋር ማነጻጸር አዳጋች ይሆናል። በዚህም ምክንያት የአሥር ተማሪዎች ድካም አሥር የተነጣጠሉ ጥራዞች ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ የተለየ ልማድ በአገሪቱ አልታጣም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን በቡድን አደራጅቶ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልካቸው ነበር። ሠልጣኙ ችግሩን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በሥፍራው ተገኝቶ ነበር።

የእንዶድ ምርምር ታሪክም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ ተሐዋሲ አስተላላፊዎች በመሆናቸው ከዚህ ምልከታ ትልቅ የምርምር ጥያቄ ተነሣ። ጥያቄው በቤተ ሙከራ ከተፈተሸ በኋላ ወደ አድዋ ተመልሶ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በመስክ ተሞከረ፤ በሕፃናት ዘንድ የነበረው የበሽታው ስርጭትም ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዱ ተመዘገበ። ምርምሩ የተነሣው ከአካባቢው ሰው ኑሮ ነበር፤ መልሱም ወደዚያው ሥፍራ ተመለሰ። በመካከሉ ያለውን ርቀት ግን በአንድ የትምህርት ዘመን መሸፈን ባልተቻለም ነበር።

ረጅም ዓመታትን የሚጠይቀው ሥራ ከአጭሩ የተማሪ ጊዜ ጋር እንዴት እንደሚጣጣም ያሳየው ቡታጅራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ9 የገጠርና በ1 የከተማ ቀበሌ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን በተከታታይ የመመዝገብ ሥራ መሠረተ። በዚያ ጥናቱን የሚያካሂድ ተማሪ ቆጠራን ከባዶ አይጀምርም፤ የነዋሪው መዝገብ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። በዚህ መሠረት ላይ የሕፃናት ሞት ተጠንቷል፤ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎችም ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲም በጊልገል ጊቤ ተመሳሳይ የመስክ ምርምር ማዕከላትን አቋቁመዋል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው፣ የተማሪው ጊዜና ገንዘብ ጥቂት ነው፤ አማካሪውም በማስተማርና ሕሙማንን በማከም የተጠመደ ነው የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥናቶች ይበልጥ መተሳሰር እንዳለባቸው እንጂ ተነጣጥለው መቀጠል እንደሚገባቸው አያስረዳም። ሁለተኛው፣ የጋራ ጥያቄ የተማሪውን ነጻነት ያጠብባል የሚል ሲሆን፣ ከፊተኛው የበለጠ ክብደት ያለው ነው። ሆኖም አንድን ትልቅ ጥያቄ ከፋፍሎ መመርመር ራስን ችሎ ከማሰብ ጋር አይጋጭም፤ የሌላውን ሥራ በትችት መርምሮ በዚያ ላይ መጨመርም ራሱን የቻለ የምርምር ችሎታ ነው።

በመሆኑም ትምህርት ክፍሎች ሦስት እርምጃዎችን ቢወስዱ መልካም ነው። አንደኛ፣ ከሆስፒታል ክፍሎችና ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ጋር መክረው ለበርካታ ዓመታት የሚያገለግሉ ጥቂት የምርምር ጥያቄዎችን ይለዩ። ሁለተኛ፣ ተማሪዎች ተመሳሳይ መለኪያዎችን እንዲጠቀሙ ያድርጉ፤ የተሰበሰበውም መረጃ የተሳታፊዎች ማንነት ተሰውሮ ለተከታዮቹ ተማሪዎች ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ተመራቂ የጥናቱን ውጤት በአካባቢው የሥራ ቋንቋ በሁለት ገጽ አጠቃልሎ መረጃውን ለሰጠው ተቋም ያስረክብ፤ ይህም ከምዘናው አንዱ ክፍል ይሁን።

ሦስተኛው እርምጃ ከሁሉም ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ ሌሎቹን ሳይጠብቅ ሊጀመር ይችላል። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት የስምምነት ቅጹን ቃል በቃል ይመረምራሉ። በቅጹ ላይ የሰፈረው ተስፋ መፈጸሙንም ጥናቱ ካበቃ በኋላ ቢጠይቁ ኃላፊነታቸውን ከዳር ያደርሳሉ።