«ጥለን እንውጣ» ለምትሉ ወገኖች

ወገን፣ አንድ ፔጅ በሪፖርት ብዛት በተዘጋ ቁጥር የምንሰማው መፈክር አንድ ነው። «እነዚህን የአሜሪካ ኩባንያዎች ጥለን ወደ ማስቶዶን እንሂድ! ወደ ብሉስካይ እንሂድ! ያልተማከለ ሚዲያ ይኑረን!» ላይኩ ይጎርፋል፣ ሼሩ ይጎርፋል። በሦስተኛው ቀን ያንኑ ፖስት የጻፈው ልጅ እዚሁ ቁጭ ብሎ ሚም ይለጥፋል።

እኔ በሀሳቡ አልጣላም። የምጣላው ቤቱ ሳያልቅ «ግቡ» ከሚለው ጋር ነው። ኮንዶሚኒየም ደርሶት የተረከበ ቤተሰብ ያለው ሰው ይገባዋል፤ ቁልፍ ተሰጥቶህ ስትገባ ውሃው የለም፣ መብራቱ አልገባም፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ቤት ነው፣ ያንተም ነው፣ ግን እናትህን ይዘህ ዛሬ አታድርበትም።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። ፌስቡክና ቲክቶክ አንድ ባለቤት ያላቸው ግቢዎች ናቸው። ባለቤቱ ካልወደደህ ትወጣለህ፣ ተከታዮችህን ይዘህ አትወጣም። ያልተማከለው ግን እንደ እድር ነው። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ እድር፣ የራሱ ደንብ፣ የራሱ ዳኛ፣ የራሱ ገንዘብ ያዥ አለው። ማስቶዶን ላይ እያንዳንዱ ሰርቨር አንድ እድር ነው በሉት። አክቲቪቲፐብ የሚባል የጋራ መግባቢያ ስላላቸው የአንዱ አባል ከሌላው አባል ጋር ይጻጻፋል። ይህን መግባቢያ የድረ ገጽ መስፈርቶችን የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ በ2018 አጽድቆታል (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ማስቶዶንን ራሱን በ2016 የጀመረው ዩገን ሮችኮ የሚባል ጀርመን አገር የሚኖር ወጣት ነው። ዕድሜው ያኔ ከብዙዎቻችን አይበልጥም ነበር።

ቆንጆ ነው አይደል? ታዲያ ለምን አላደገም?

በጥቅምት 2022 ኢሎን መስክ ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ሰው ተናዶ ወጣ። በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ በወር ማስቶዶንን የሚጠቀመው ሰው ከ300 ሺህ ገደማ ወደ 2.5 ሚሊዮን ዘለለ። ጥር ሳያልቅ ግን ቁጥሩ ወደ 1.4 ሚሊዮን አካባቢ ወርዶ ነበር። አስቡት፣ የመጣው ሰው ጥላቻው አልበረደም፣ መስክም አልተሻሻለም። ሰውየው እንደተናደደ ነው ወደተናደደበት ቤት የተመለሰው።

በሩ ላይ ምን ገጠመው? አንቺ አዲስ ገቢ ነሽ እንበል። ገና ስምሽን ሳትጽፊ «የትኛውን ሰርቨር ትመርጫለሽ?» ትባያለሽ። ዝርዝሩ መአት ነው፤ እንግሊዝኛው፣ ጀርመንኛው፣ ጃፓንኛው፣ እያንዳንዱ ከነደንቡ። ልዩነታቸውን በምን ታውቂያለሽ? እንደምንም መረጥሽ። ገብተሽ ስታይ ባዶ ነው። አልጎሪዝም ስለሌለ ሰው ካልተከተልሽ የሚመጣልሽ ነገር የለም። የምታውቂው ሰው ሌላ ሰርቨር ላይ አገኘሽ፤ በብሮውዘር ከፍተሽ «ተከተል» ስትጫኚ የራስሽን ሰርቨር ስም እንድትጽፊ ይጠይቅሻል። አንድ ፖስት እዚያ ብዙ መልስ ተሰጥቶበታል፣ አንቺ ጋ ሁለት ብቻ ሊታይ ይችላል፤ የቀረውን ያንቺ ሰርቨር ካላመጣው አታይውማ! ሰው የጻፈውን ነገር በቃል ፈልጎ ማግኘት ደግሞ በደንብ የተጀመረው በ2023 ነው፤ እሱም «ጽሁፌ ይፈለግ» ብሎ የፈቀደው ሰው ጽሁፍ ብቻ።

ይህን ስትነግሯቸው የነገሩ ወዳጆች አንድ የተለመደ መልስ አላቸው። «ኢሜይል እኮ እንደዚሁ ነው፤ ጂሜይልና ያሁ ይጻጻፉ የለም እንዴ?» ይላሉ። እሺ፣ ግን ማን ነው ኢሜይል ሲያወጣ ከሺህ ሰርቨር የመረጠው? አንድሮይድ ስልክ ገዛን፣ ጂሜይል ጠየቀን፣ አወጣን፣ በቃ። እድርም ቢሆን ማንም ሰው ከከተማው እድሮች አወዳድሮ አይገባም፤ ሰፈሩ ስለሆነ፣ ጎረቤቱ ይዞት ስለሄደ ነው የሚገባው። እነዚህ ሰዎች እድሩን ሠርተው ሰፈሩን ረሱት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «ሰው ሰነፍ ነው፣ ትንሽ ቢማር ይገባዋል» የሚለው ንቀት ነው። እኔ ዲግሪ ይዤ ቤት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ ከሌለኝ ነገር ሁሉ የተረፈኝ ጊዜ ነው። ሦስት ማታ ሙሉ አፍጥጬ ነው በደንብ የገባኝ። ቀን ሙሉ ሱቅ ቆማ የምትውል፣ የቀን ጥቅል ቆጥባ የምትኖር እህት ሦስት ማታ ከየት ታምጣ? ኮምፒውተር ሳይንስ ለተማረ ብቻ የሚሠራ ነጻነት ለማን ነው የሚሠራው?

አሁን ደግሞ ዙከርበርግን የምትጠሉ ይህን ቁጥር ደግማችሁ አንብቡት። ስሬድስ በሐምሌ 2023 መጀመሪያ አካባቢ ተከፍቶ በአምስት ቀን 100 ሚሊዮን ሰው ተመዘገበበት። የተሻለ ስለሆነ አይደለም። የኢንስታግራም አካውንትህን ተጫን፣ ግባ። የምታውቃቸውም እዚያው ጠበቁህ። ማስቶዶኖችም በዚያው ዓመት ስሬድስ ከመከፈቱ በፊት መተግበሪያቸው ላይ አዲስ ገቢ ሳይጨነቅ የሚገባበት አንድ ትልቅ ሰርቨር አስቀደሙ። ወዲያው ከራሳቸው ሰዎች «ሁሉም አንድ ቦታ ከተከማቸ ምኑ ነው ያልተማከለው?» የሚል ጩኸት ተነሳ። ጩኸቱ ልክ ነው። ችግሩ የገባችሁ ይመስለኛል፤ ሲቀል ይማከላል፣ ሲበተን ይከብዳል። እስካሁን ይህን ቋጠሮ የፈታ የለም።

ብሉስካይን እዩት። ጃክ ዶርሲ በ2019 ከትዊተር ውስጥ ያስጀመረው ሀሳብ ነው። እስከ የካቲት 2024 ድረስ ያለ ግብዣ አይገባበትም ነበር። የብራዚል ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ኤክስን ሲዘጋ ብራዚላውያን በሚሊዮን ጎረፉ፤ ከአሜሪካ ምርጫ በኋላ በኅዳር 20 ሚሊዮን አለፈ። ለምን ቀለለ? ሁሉም ማለት ይቻላል የኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሚኖር! ከዚያስ? በ2025 በቱርክ መንግሥት ጥያቄ በርካታ አካውንቶችን ከቱርክ ሰው ዓይን ደበቀ። እውነቱን ለመናገር በሌላ መተግበሪያ የገባ ሰው ሊያያቸው ይችል ነበር። ስንቱ ነው ታዲያ በሌላ መተግበሪያ የሚገባው? «ወደ ብሉስካይ እንሂድ፣ እዚያ ማንም አይነካንም» የምትሉ ከቱርክ ልጆች ጠይቁ።

ወደ ራሳችን እንምጣ። በየካቲት 2023 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታገዱ አምስት ወር ገደማ በቪፒኤን ኖረናል። ትልልቆቹን ማገድ የቻለ እጅ የአምሳ ሰው ሰርቨር ማገድ ያቅተዋል? ኔትወርኩ ራሱ ሲቋረጥማ ማስቶዶንም የለም፣ ማንም የለም። የሰርቨሩ ስም የሚመዘገብበትም ቦታ ቀላል ነገር አይደለም። በአፍጋኒስታን የአገር ኮድ የተመዘገበ አንድ የማስቶዶን ሰርቨር በ2024 ታሊባን ስሙን ነጥቆት ቀርቷል። ዶት ኢቲ በማን እጅ እንዳለ ለናንተ አልነግራችሁም።

ማንም የማያወራው ሌላ ነገር አለ። ማስቶዶን ላይ በግል የምትጻጻፉት መልእክት የተቆለፈ አይደለም፤ ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሰው ከፈለገ ያነበዋል። የዙከርበርግን ዓይን ሸሽታችሁ የአንድ የሰፈር ልጅ ዓይን ሥር ትገባላችሁ። ያ ልጅ ነገ ቢጣላንስ? እኛ ስንጣላ ደግሞ እናውቃለን፤ የስንት ግሩፕ አድሚን ነው ተኮራርፎ ቁልፉን ይዞ የጠፋው! ባይጣላም ሊሰለቸው ይችላል። ማስቶዶን ዶት ሎል የሚባለው ከ10 ሺህ በላይ ሰው የነበረበት ሰርቨር በ2023 የተዘጋው ባለቤቱ በደረሰበት ስድብና ጥላቻ ስለተማረረ ነው። አባላቱ ተከታዮቻቸውን ወደ ሌላ ሰርቨር ማዛወር ቻሉ። የጻፉት ጽሁፍ ግን አብሮ አይዛወርም።

ስለዚህ እንቀመጥ ነው የምለው? አይደለም። መፈክሩን አቁመን ሥራውን እንጀምር ነው። ዛሬ ማታ የየፔጃችሁን መረጃ አውርዳችሁ ሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ፤ ፔጅ ከተዘጋ በኋላ «ማን ያስቀመጠው አለ?» ማለት አይሠራም። የአንባቢዎቻችሁን ኢሜይል በፈቃዳቸው ሰብስቡ፤ ምክንያቱም ሪፖርት ተደርጎ የማይዘጋ ዝርዝር እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ከአንድ ማኅበር፣ ከሚተዋወቁ ሰዎች፣ አምሳ ልጅ ብቻ ይዘን አንድ ሰርቨር እንሞክር። ሰፈሩ ካለ «የቱን ልምረጥ» የሚለው ጥያቄ የለም፣ ባዶ አዳራሽም የለም። ቁልፉ በሦስት ሰው እጅ ይሁን፣ ልክ እንደ እድር ሂሳቡ በየወሩ ይነበብ። ክፍያው በዶላርና በካርድ ስለሆነ ውጭ ያላችሁ ወገኖች እዚህ ላይ ነው የምትፈለጉት፤ በየላይቩ ከመጮህ ይህ ይበልጣል። የማስቶዶንን ገጽታ የሚተረጉሙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አማርኛውን የሚያስተካክል ሌላ ሰው ከየት ይመጣል? ነገረ ፈጁ ብዙ ነው፣ ተርጓሚው የለም።

እስከዚያው ይህ ፔጅ እዚሁ ይቆያል፤ ሕዝቡ ያለው እዚህ ነውና።

ሊኑክስ ሰርቨር ያስተዳደራችሁ፣ ወይም በሳምንት አራት ሰዓት ለትርጉም የምትሰጡ፣ የምትኖሩበትን አገር ሳትጽፉ የምትችሉትን ሥራ ብቻ ኮሜንት ላይ አስቀምጡ። «ጥለን እንውጣ» የሚል ኮሜንት አጠፋለሁ።