በዓሣ ርባታ በሽታ የጀርሙን ስም ማወቅ ብቻ አይበቃም

ከጣና የሚወጣው ዓባይ በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋራ ይገናኛል። ስለዚህ በካርቱም ሁለት ለቤቱ ዓሣ የሚገዛውና በባሕር ዳር መረብ የሚጥለው ሰው የአንድ ውኃ ተካፋዮች ናቸው። በሱዳን የዓሣ ርባታ እ.ኤ.አ. በ1953 በካርቱም አጠገብ በሸጀራ ተጀመረ፤ በኢትዮጵያም ኩሬ ቆፍረው ቆሮሶ የሚያረቡ ገበሬዎች አሉ። ርባታ ሲስፋፋ በሽታም ተከትሎት እንደሚመጣ ግን መዘንጋት አይገባም።

የውኃ እንስሳ አንድ ጊዜ ከተለቀቀ አይመለስም። ክሬይፊሽ የተባለው የሸርጣን ዘመድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለርባታ ተብሎ ወደ ግብፅ ከገባ በኋላ በዓባይ ውኃ ውስጥ ተራብቶ ቀርቷል። እንስሳው በሚሄድበት ሁሉ ጀርሙም አብሮት ሊሄድ ይችላል።

ዓሣንም ክሬይፊሽንም ከሚጐዱት ጀርሞች አንዱ ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ ይባላል። ይህ ባክቴሪያ በወንዝና በሐይቅ ውስጥ የሚኖር ሲሆን ውኃው ሲቆሽሽ፣ አየሩ ሲያንስ፣ እንስሳቱም ሲጨናነቁ ይበረታል። ዳሩ ግን በዚህ አንድ ስም የሚጠሩት ዘሮች ብዙ ናቸው፤ አንዱ እምብዛም ሳይጐዳ ሲቀር ሌላው ኩሬውን ባዶ ያደርጋል። ልዩነታቸው የሚታወቀው ጂኖማቸው ሲነበብ ነው። ጂኖም ማለት የፍጥረቱ ጠባይ ሁሉ የተጻፈበት መዝገብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የዚህ ጀርም መዝገብ 4.7 ሚሊዮን ያህል ፊደላት አሉት።

የንባቡ ጥቅም በአሜሪካ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአላባማ ክፍለ ሀገር የሚረቡ ካትፊሾች በብዛት አለቁ። ሊቃውንት የገዳዩን ጀርም ጂኖም ባነበቡ ጊዜ በቻይና በታመመ ካርፕ ላይ ከተገኘው ጋራ የቅርብ ዘመድ ሆኖ አገኙት። ከዚህም የተነሣ ጥያቄው «ምን በሽታ ነው?» ከማለት አልፎ «በየት በኩል ገባ?» ወደ ማለት ደረሰ።

«ይህ የሀብታም አገር ሥራ ነው፤ ገበሬው የሚፈልገው ንጹሕ ውኃና ጥሩ መኖ ነው» የሚሉ አይጠፉም። ገበሬው ከሁሉ አስቀድሞ ኩሬውን መጠበቅ እንዳለበት እኛም እናምናለን፤ ጂኖም ማንበብም መድኀኒት አይደለም። ነገር ግን ጀርሙ የትኛውን መድኀኒት ሊቋቋም እንደሚችል ያመለክታልና፣ ገበሬው በማይረዳው መድኀኒት ገንዘቡን ከማባከን ሊድን ይችላል።

እንግዲህ የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች ሦስት ነገር እንዲፈጽሙ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ጤንነቱ ሳይመረመር የዓሣ ጫጩት ከአንዱ ተፋሰስ ወደ ሌላው እንዳይጓዝ። ሁለተኛ፣ ገበሬው የታመመውን ዓሣ በበረዶ አድርጎ ለወረዳው ባለሙያ እንዲያስረክብና ናሙናው ወደ ሰበታ እንዲላክ፤ የዓሣ ምርምር ማዕከሉም የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩቱም በዚያው ከተማ ይገኛሉና። ሦስተኛ፣ የተነበበው መዝገብ በአንድ ቤት ብቻ ተቈልፎ እንዳይቀር።

ለዚህ ለሦስተኛው ካርቱም ራሷ ምስክር ናት። ጦርነቱ በተነሣበት በኤፕሪል 2023 እ.ኤ.አ. የከተማይቱ ብሔራዊ የሕዝብ ጤና ላቦራቶሪ በተዋጊዎች እጅ መውደቁንና ባለሙያዎቹ መባረራቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቆ ነበር። መብራት ሲቋረጥ በማቀዝቀዣ ያለ ናሙና ይጠፋል፤ በሌላ ስፍራ ግልባጩ የተቀመጠ መዝገብ ግን ይተርፋል። የአንድ ወንዝ ልጆች የሆኑ አገሮችም ይህን መዝገብ ቢለዋወጡ፣ ከላይ የታየው በሽታ ከታች ላለው ገበሬ አስቀድሞ ይነገረዋል።