ከማኅበር ጋር ወይስ ለብቻ?

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ የእንጦጦም ጋራ ከጭጋጉ ሲገለጥ፣ በብዙ ክርስቲያን ቤት አንድ ክርክር ይነሣል። አያት «ሰንበት ትምህርት ቤቱ ጉዞ አዘጋጅቷልና ከምእመናኑ ጋር እወጣለሁ» ይላሉ። ልጆቹ ደግሞ «አውቶቡስ ስንጠብቅ ቀኑ ከሚያልፍ በራሳችን ብንወጣ ይሻላል» ብለው ይመልሳሉ። አባት ሒሳቡን ያሰላል፤ እናት ስንቁን ታስባለች፤ ነገሩም ሳይቈረጥ ይቀርና ከደጃቸው የሚታየውን ተራራ ሳይወጡት ዓመቱ ይዞራል። የአያት ጕልበት ግን ዓመቱን አይጠብቅም። ስለዚህ በዚህ ወር ዐምዳችን ይህንኑ ነገር ልንመረምረው ወደናል።

በታላላቅ መርከቦች ባሕር የሚያቋርጡ አገር ጐብኚዎችም በየወደቡ ይህንኑ ይከራከራሉ። መርከቡ ወደብ ሲደርስ ተጓዡ ወይ መርከቡ ራሱ ባዘጋጀው ጉብኝት ከሌሎች ጋር ይወጣል፣ ወይም በገዛ እግሩ ከተማውን ይዞራል። የመርከቡ ጉብኝት ዋጋው ከፍ ያለ፣ ሰዓቱም የተቈጠረ ነው፤ ሆኖም ያ ቡድን በመንገድ ቢዘገይ መርከቡ እንደ ልማዱ ይጠብቀዋል። በራሱ የወጣው ቢዘገይ ግን መርከቡ መልሕቁን ነቅሎ ይሄዳል፤ ሰውዬውም በገዛ ገንዘቡ እስከሚቀጥለው ወደብ ይከተለዋል። ለእኛ መርከቡ አውቶቡስ ነው፤ ወደቡም ቀዝቃዛው የእንጦጦ ጋራ ነው።

አስቀድመን ክርክር የማያሻውን እንለይ። ወደ ግሸን ማርያም ወይም ወደ ሌላ ሩቅ ገዳም የሚሄድ ቤተ ሰብ፣ በተለይ መንገዱን የማያውቅ ከሆነ፣ ከማኅበር ጋር ቢሄድ ይበጀዋል። ማደሪያውን፣ መኪናውን፣ የመንገዱንም ሁኔታ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው አለለትና። የካና እንጦጦ ግን ከተማችን ውስጥ ናቸው። ጥያቄው የሚከብደውም እዚህ ቅርብ ቦታ ላይ ነው።

የማኅበር ጉዞ ዋና ጥቅሙ የገንዘብ ቁጠባ አይደለም። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ የሚወጣ ታክሲ ስላለ፣ አራት ወይም አምስት ሆኖ የሚሄድ ቤተ ሰብ በራሱ ቢወጣ ብዙ አይከስርም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ባል የሞተባት፣ ልጆቿ በውጭ አገር የሚኖሩባት፣ ጐረቤቷም ሥራ የበዛበት እናት፣ አስተባባሪው ስሟን በመዝገብ ጽፎ «እማማ፣ ጧት በ12 ሰዓት ከደጀ ሰላሙ ይገናኙን» ካላላት በቀር ከቤቷ አትወጣም። በመንገድ መዝሙሩ አለ፤ ከቅዳሴ በኋላ ስብከቱ፣ ቆሎውና ዳቦው አለ። ቤተ ሰብ ብቻውን ሲወጣ ይህን ሁሉ አያገኝም። ልጆቻችን «አሰልቺ ነው» የሚሉት ለእንዲህ ያለችው ሴት የወሩ ትልቅ ቀኗ መሆኑን ቢያስቡ መልካም ነበር።

ይሁንና የማኅበሩ ሰዓት ለማየት አይበቃም። ርእሰ አድባራት እንጦጦ ማርያም ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ናት። በቅጥሯ ያለው ቤተ መዘክር የነገሥታት አልባሳትና ስጦታዎች ይገኙበታል፤ በአጠገቧም የንጉሡ አሮጌ ቤተ መንግሥት አለ። ልጅ ይህን ሲያይ «ዋና ከተማው ከዚህ ለምን ወረደ?» ብሎ ይጠይቃል። ብርዱን፣ የማገዶውን እጥረት፣ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃው አጠገብ የተቈረቈረችውን አዲስ አበባን ሊነግሩት ይገባል። ቀጥሎም ደኑን እያየ «ማገዶ ካልነበረ ይህ ሁሉ ዛፍ ከየት መጣ?» ይላል። በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ የተተከለ ስለሆነ ባሕር ዛፍ መባሉን እስክንነግረው ድረስ ግን የአውቶቡሱ ጡሩምባ ይነፋል። እኔ መምህር ነኝና በዚህ ነገር አድልዎ አለብኝ፤ የልጅ ጥያቄ በጡሩምባ ሲቋረጥ አልወድም።

የካ ዋሻ ሚካኤል ደግሞ ከዚህ ይልቅ ዝግታን ይፈልጋል። ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ካለው የካ ሚካኤል በላይ፣ በባሕር ዛፍ መካከል ሽቅብ ወጥተው የሚያገኙት ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የጣራው ብዙ ክፍል ፈርሷል። አፈ ታሪክ ከአብርሃና ከአጽብሐ ዘመን ያደርሰዋል፤ የታሪክ አጥኚዎች ግን ከዚያ እጅግ ዘግይቶ የተሠራ ነው ይላሉ። ይህን ልዩነት ለልጅ ማስረዳት የሚቻለው ከግድግዳው አጠገብ ቆሞ፣ የመጥረቢያውን ሥራ በጣት እየጠቈሙ ነው። ሃምሳ ሰው አንድ ጊዜ ሲገባበት የሚታየው የፊተኛው ሰው ጀርባ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ዋሻ ሚካኤል ቤተ ሰብ ለብቻው፣ ያውም በዓል ባልሆነ ቀን ቢሄድ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለብቻ ማለት ግን አንድ ሰው ብቻውን ማለት አይደለም። በእንጦጦ ደን ከዋናው መንገድ ርቆ ብቻውን የሚዞር ሰው ለዘራፊ ይጋለጣል፤ ሲመሽም ጅቡ ይወጣል። ጋራው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሽቅብ ሲወጣ ይደክማል። ጧት ወጥቶ ከቀትር በኋላ ሳይዘገዩ መውረድ፣ መንገዱንም ከሚያውቅ የሠፈር ሰው ጋር መሄድ ያስፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የተሠራ መንገድ ስላለው ሕፃናት ላሉት ቤተ ሰብ ይመቻል፤ ነገር ግን ፓርኩን ማየት ቤተ ክርስቲያኑን መሳለም አይተካም። ማስቀደስ የሚሻም ቀኑን ይምረጥ፤ በጾም ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ያረፍድብኛል ሲል ያመሽበታል።

ከሁሉ የከፋው መንገድ የሁለቱ ድብልቅ ነው። በማኅበሩ አውቶቡስ ይመጡና፣ ለአስተባባሪው ሳይናገሩ ከማርያም ወደ ራጉኤል በእግራቸው ይሄዳሉ። አውቶቡሱ ቢጠብቃቸው ስድሳ ሰው በብርድ ይቀመጣል፤ ትቷቸው ቢሄድ ደግሞ ተቀያሚዎቹ እነርሱ ናቸው። እንደ መርከቡ ተጓዥ ከሰልፉ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ «አትጠብቁኝ፤ በራሴ እመለሳለሁ» ብሎ ስሙን ያሰርዝ። ይህን በመናገሩ የሚቀየመው የለም።

በክርክሩ ላሉት ቤቶች እንግዲህ ይህን እንላለን። አያት ከማኅበሩ ጋር በወሩ 21 ቀን ወደ ማርያም ይውጡ፤ ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ ክንዳቸውን ይዞ ይሂድ፤ ወፍራም ጋቢም አይረሳ። ወደ ዋሻ ሚካኤል ደግሞ ጭቃው ሲደርቅ፣ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ፣ ቤተ ሰቡ በሙሉ ይነሣ። አያት ሽቅቡን ስለማይችሉት በታችኛው የካ ሚካኤል ቅጥር ተሳልመው በጥላው ሥር ይቈያሉ። አንድ ሰው ከእርሳቸው ጋር መቅረት ስላለበት፣ ማን እንደሚቀር ከቤት ሳይወጡ ይወሰን።