ስለ ልጆች መጫወቻና ስለ ሐራጅ

ሰው የተመኘውን ዕቃ በገበያ ሳያገኝ ሲቀር ማዘኑ ከጥንት የነበረ ጠባይ ነው። ዛሬ ግን አንድ አዲስ ኀዘን ወደ ቤታችን ገብቷል፤ ይኸውም በኢንተርኔት በሚደረገው ሐራጅ ለልጆች መጫወቻ ተጫርቶ የመቅረት ኀዘን ነው። በወረታ ከተማ በቤቱ የተቀመጠ ሰው በአሜሪካና በቻይና ለሽያጭ የቀረበውን አሻንጉሊት በእጅ ስልኩ ለማየት ይችላል። ዋጋውን በውጭ አገር ገንዘብ መክፈል ግን ስለማይመቸው በባሕር ማዶ የሚኖረውን ዘመዱን «ለልጄ ተጫረትልኝ» ብሎ ይለምናል። ዘመዱም ከሥራ ደክሞ በገባበት ሌሊት ሲጫረት ይቆይና በመጨረሻዋ ደቂቃ ዕቃውን ሌላ ሰው ይወስድበታል። በዚህም ምክንያት ልጅ ያለቅሳል፤ አባት ያፍራል፤ ዘመድም ይቀየማል። በቤተ ሰብ መካከል እንዲህ ያለ ቅያሜ የሚያመጣ ነገር ቀላል ስላልሆነ ምክንያቱን መመርመር የሚገባ ነው።

ሐራጅ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የንግሥ በዓል ቀን ምእመናን በስለት ያገቡት ጃንጥላ፥ ምንጣፍ ወይም ሥዕል በሕዝብ ፊት ለጨረታ ሲቀርብ ሁላችንም አይተናል። በዚያ ጨረታ የተሸነፈው ሰው ከአሸናፊው ጋራ እኩል ደስ ይለዋል፤ ገንዘቡ የሚገባው ለሁሉም ቤት ነውና። አሸናፊውም ብዙ ጊዜ ዕቃውን መልሶ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥና ዳግመኛ ጨረታ ይወጣበታል። በእንዲህ ያለው ጨረታ ዕቃው ምክንያት ብቻ ነው፤ ዋናው ነገር መስጠቱ ነው።

የኢንተርኔቱ ሐራጅ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ከሁሉ ይልቅ ስሙ የታወቀው ኢቤይ የሚባለው ገበያ ሲሆን፥ እርሱንም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ፒየር ኦሚድያር የተባለ ሰው በአሜሪካ መሠረተው። በዚህ ገበያ ተጫራቹ እከፍላለሁ የሚለውን የመጨረሻ ዋጋ አስቀድሞ በስውር ያስመዘግባል። ከዚያ በኋላ ሌላው በጨመረ ቁጥር መሣሪያው በእርሱ ፈንታ ጥቂት በጥቂት እየጨመረ እስከ ተወሰነው ዋጋ ድረስ ይከራከርለታል። የተቈረጠው ሰዓት ሲደርስ ጨረታው ይዘጋል እንጂ «አንድ ጊዜ፥ ሁለት ጊዜ፥ ሦስት ጊዜ» እያለ የሚያስጠነቅቅ አጫራች የለም። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ዝም ብለው ይቆዩና ጥቂት ሰከንድ ሲቀር በድንገት ዋጋ ይጥላሉ።

በዚህን ጊዜ ዋጋውን አስቀድሞ ያልወሰነ ሰው ልቡ ይናወጣል። ዕቃውን ከመፈለጉ ይልቅ መሸነፉ እየቈጨው በየደቂቃው ይጨምራል፤ ቢያሸንፍም በማግሥቱ ባወጣው ገንዘብ ይጸጸታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው ነው። ዊሊያም ቪክሪ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ አሸናፊው የሚከፍለው ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን ሰው ዋጋ በሆነበት ስውር ጨረታ፥ ዕቃው በእውነት ለራሱ የሚያወጣውን ዋጋ አንድ ጊዜ ጽፎ መተው ለተጫራቹ የሚሻል መሆኑን አስረድቷል። ለዚህና ለመሰለው ሥራውም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የኢቤይም ሥርዐት ለዚህ የቀረበ ስለ ሆነ፥ ዋጋውን በልኩ ወስኖ የተሸነፈ ሰው የጐደለበት ነገር የለም፤ ዕቃው ለእርሱ ከሚያወጣው በላይ ሄደ ማለት ነውና።

እንግዲህ ሰውን ልኩን የሚያስረሳው ምንድን ነው? ቢባል፥ «ሁለተኛ አይገኝም» የሚለው ቃል ነው። በአሜሪካ ታይ የተባለው ኩባንያ ቢኒ ቤቢ የሚባሉትን በእህል ፍሬ መሳይ ነገር የተሞሉ ትናንሽ የጨርቅ እንስሶች ሲሸጥ፥ አንዳንዱን ዐይነት መሥራት እያቆመ ሰውን በጥድፊያ አስገባ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. በላስ ቬጋስ ከተማ የተፋቱ ባልና ሚስት፥ ዳኛ ስላዘዙ በችሎቱ ወለል ላይ ቁጢጥ ብለው እነዚህን አሻንጉሊቶች አንድ በአንድ ተከፋፈሉ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ሁሉንም መሥራት አቆማለሁ ብሎ ዐወጀ፤ በኋላ ግን መሥራቱን ቀጠለ። ሰዎች ለልጆቻችን ትምህርት ይሆናል ብለው በሣጥን ያስቀመጧቸው አሻንጉሊቶች አብዛኞቹ ዋጋቸው ወደቀ።

በቅርቡም ላቡቡ የተባለው አሻንጉሊት እንዲሁ ሆነ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በሰኔ 2025 ዓ.ም. በቤይጂንግ በተደረገ ሐራጅ የሰው ቁመት የሚያህል አንድ ላቡቡ 1.08 ሚሊዮን የቻይና ዩዋን አወጣ። በዚያው ወር ኩባንያው ተራውን ላቡቡ አብዝቶ ባወጣ ጊዜ ግን አትርፎ የሚሸጠው ነጋዴ ዋጋውን ለመቀነስ ተገደደ። ከዚህ የምንረዳው፥ ፋብሪካ የሠራውን ፋብሪካ ደግሞ ሊሠራው የሚችል መሆኑን ነው።

በእውነት ሁለተኛ የሌለው ዕቃ በሐራጅ ሲሄድ ማዘን ይገባል። ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ የሚደርሰው ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማቸው ካደረጉት ከደብረ ታቦር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ካረፉ በኋላ፥ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከዚያ የዘረፈውን መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት በደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሸጠው። በዚያ ጨረታ ኢትዮጵያ ተጫራች አልነበረችም። በሰኔ ወር 2013 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱ አንድ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች በእንግሊዝ አገር በዶርሴት ለሐራጅ ሊቀርቡ ሲሉ፥ በለንደን ያለው ኤምባሲያችን ተቃውሞ ከሽያጩ እንዲወጡ አደረገ። በኋላም ሸሐራዛድ የተባለው ድርጅት ገዝቶ ለኢትዮጵያ አስረከባቸው። የሐራጁን ማስታወቂያ በትጋት መመልከት የሚጠቅመው ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው።

ወደ ልጆቻችን ስንመለስ፥ በፎገራ ሜዳ ከብት የሚጠብቁ ሕፃናት መጫወቻቸውን የሚያገኙት ያለ ሐራጅ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት እየሞሉ የሚያለብሱትን ጥቁር አፈር አቡክተው በሬ፥ ላምና ጥጃ ይሠራሉ፤ በፀሐይም ያደርቁታል። ቢሰበር ሌላ ይሠራሉ እንጂ አያለቅሱም። በሐራጅ የሚገዛው አሻንጉሊት ግን ዋጋው እንዳይቀንስ ከካርቶኑ አይወጣም፤ ልጁም «እንዳትነካው» ይባላል። የማይነካ መጫወቻ የልጁ መሆኑ ቀርቶ የአባቱ ሆነ ማለት ነው።

የጭቃው በሬ ተሰብሮ ይተካል፤ ምሳሌ የሆነው የፎገራ ከብት ግን ቢጠፋ አይተካም። ይህ ከብት ሰውነቱ ትልቅ፥ መልኩ ብዙውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፥ በወተቱ የተመሰገነ፥ ረግረጉን የለመደ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሩዝ በፎገራ መዘራት ከጀመረ ወዲህ ለገበሬው ታላቅ ጥቅም ተገኘ፤ የግጦሹ መሬት ግን ጠበበ፥ ከብቱም ከሌላ ዘር ጋራ እየተደባለቀ ንጹሑ ዘር አነሰ። በባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማእከል ዘሩ እንዳይጠፋ ይደክማል። «ሁለተኛ አይገኝም» የሚለው ቃል በእውነት የሚነገረው ለዚህ ነው፤ ነገር ግን በስልክ ላይ ሰዓት እየቈጠረ የሚያስጠነቅቀን የለም።

ስለዚህ ለወላጆች ሦስት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ፥ ከመጫረት በፊት «ይህን የሠራ ሰው ደግሞ ሊሠራው ይችላልን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለተኛ፥ የፖስታውንና የጉምሩኩን ወጪ ጨምሮ የመጨረሻውን ዋጋ በወረቀት ጽፎ ለዘመድ አንድ ጊዜ መንገርና ከዚያ በላይ አለማስቸገር ነው። ሦስተኛ፥ ጨረታው ቢያመልጥ በልጅ ፊት አለመበሳጨት ነው፤ ልጅ መሸነፍን እንደ ውርደት የሚቈጥረው ከአባቱ ፊት አይቶ ነውና። ይልቁንም በዕረፍት ቀን ልጁን ይዞ ወደ ሜዳው መውረድና ከእረኞቹ ልጆች ጋራ ጭቃ እንዲያቦካ መተው መልካም ነው። ልብሱ ይቈሽሻል፤ ነገር ግን በሬ ለመሥራት በሬውን አስተውሎ ማየት ግድ ይሆንበታል፤ አስተውሎ ያየውንም ነገር ባደገ ጊዜ ለመጠበቅ ያስብለታል።